የማስኬራድ ዋልትዝ ለምን ያስለቅሳል? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ኦርኬስትራ ሙዚቃ ባወጣነው ጽሑፍ ውስጥ አርመናዊው አቀናባሪ አራም ኻቻቱሪያን «ማስኬራድ» ለተባለው ተውኔት የደረሰውን ዋልትዝ (በሦስት ምት እየተሽከረከሩ የሚጨፍሩበትን የዳንስ ሙዚቃ) በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ጠቅሰን አልፈን ነበር። ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱን ደብዳቤዎች ግን ጉዳዩ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚታለፍ እንዳልነበረ አሳይተውናል፤ ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል። ኢትዮጵያዊ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በማራኪ አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ማታ የተማሪዎችን ፈተና ሳርም ይህን ዋልትዝ በስልኬ ከፍቼ እሰማለሁ፤ ዜማው ገና ሲገባ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ባለቤቴ ግን «ይህ እኮ የዳንስ ሙዚቃ ነው፤ ሰው እየተሽከረከረ የሚደሰትበትን ነገር አንቺ እንደ ሙሾ ትሰሚዋለሽ» እያለ ይስቅብኛል። እኔ የሙዚቃ ትምህርት የለኝም። ከሁለታችን በትክክል የሚሰማው ማን ነው? (መምህርት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ሁለታችሁም በትክክል ትሰማላችሁ። ይህን የምለው ባልና ሚስት ለማስታረቅ ብዬ ሳይሆን የሥራው ታሪክ ራሱ ስለሚያስገድደኝ ነው። እንደ ወትሮው ቢሆን ሙዚቃው ቀድሞ ይደረሳል፤ ስሜቱ በአድማጩ ዘንድ በኋላ ይመጣል። በዚህ ዋልትዝ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ አድማጯ ምን እንደተሰማት በጽሑፍ የሰፈረው ዜማው ከመደረሱ ከመቶ ዓመት በፊት ነው።

«ማስኬራድ» ሩሲያዊው ባለቅኔ ሚኻይል ሌርሞንቶቭ በ1835 የጻፈው የግጥም ተውኔት ሲሆን፣ ስሙም ሰዎች ጭንብል አጥልቀው የሚጨፍሩበትን ድግስ ያመለክታል። በዘመኑ የነበረው ሳንሱር ስላገደበት ደራሲው ሥራውን በመድረክ ላይ ሳያይ በ1841፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ በሽጉጥ ፍልሚያ ሞተ። ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው፦ ኒና የተባለች ወጣት ሚስት በጭንብል ድግስ ላይ አምባሯ ይጠፋባታል፤ አምባሩ ከአንድ ልዑል እጅ ይገባል፤ ቀድሞ ቁማርተኛ የነበረው ባሏ አርቤኒን ያንን አይቶ በቅናት ይነዳል፤ በሌላ ድግስ ላይም በአይስክሬም ውስጥ መርዝ ጨምሮ ይሰጣታል። ኒና ንጹሕ ነበረች። ከድግሱ ወደ ቤት ስትመለስ፣ መርዙ በሰውነቷ ውስጥ እያለ፣ እሷ ግን ምንም ሳታውቅ፣ የጨፈረችበትን አዲስ ዋልትዝ ታደንቃለች፤ ስትሽከረከር ሐሳቧ ወደ ሩቅ እንደተወሰደ፣ ልቧም እንደተጨመደደ፣ የተሰማት ነገር ሐዘን ይሁን ደስታ መለየት እንዳልቻለች ትናገራለች። እንግዲህ የእርስዎና የባለቤትዎ ክርክር በእነዚህ ጥቂት ስንኞች ውስጥ አስቀድሞ አለ።

በ1941 የሌርሞንቶቭ መቶኛ የሙት ዓመት ነበርና በሞስኮ የቫኽታንጎቭ ቲያትር ተውኔቱን ለመድረክ ሲያበቃ ሙዚቃውን እንዲደርስ የተጠየቀው ኻቻቱሪያን ነው። ያኔ የገጠመው ፈተና ቀላል አልነበረም፤ ኒና ከዋልትዙ የተነሣ ምን እንደተሰማት ተመልካቹ በጆሮው ከሰማ በኋላ፣ ሙዚቃው ያንን ስሜት የማይፈጥር ከሆነ ተዋናይቷ በመድረክ ላይ ውሸታም ሆና መቅረቷ ነው። አቀናባሪው የኒናን ቃላት እያሰላሰለ ውብም አዲስም የሆነ ዜማ ሲፈልግ ብዙ ተቸግሯል። የቀድሞ መምህሩ ኒኮላይ ሚያስኮቭስኪ ሮማንስ የሚባሉ የድሮ ዘፈኖችና ዋልትዞች የተሰበሰቡበትን መድበል ቢሰጡትም ወዲያው መፍትሔ አልሆነለትም። በኋላ ግን የዋልትዙ ሁለተኛ ዜማ ሲመጣለት፣ ራሱ እንደገለጸው፣ ሰንሰለቱን በሙሉ የምትስብ ቀለበት የተገኘች ያህል ሆነለት፤ ቀሪው ያለ ችግር ተከተለ። ሥራውንም የኒናን ገጸ ባሕርይ ለተጫወተችው ለአላ ካዛንስካያ መታሰቢያ አደረገው።

ሁለቱን ስሜቶች እንዴት አንድ ላይ እንዳኖራቸው ማወቅ ከፈለጉ ደግሞ፣ ዛሬ ማታ ቀዩን እስክሪብቶ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጠው፣ ከተቻለ በጥሩ ማዳመጫ፣ መጀመሪያውን ብቻ ደጋግመው ይስሙት። ዜማው ከመግባቱ በፊት ኦርኬስትራው ሦስት ሦስት እያለ የሚሄደውን ምት በኃይል ይረግጠዋል፤ ወፍራሞቹ ድምፆች የመጀመሪያውን ምት ይመታሉ፣ ሌሎቹ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይመልሱላቸዋል። ባለቤትዎ የሚሰሙት ይህን ነው፤ እግር ዝም ብሎ እንዲቀመጥ የማይፈቅድ ነገር። ከዚያ ቫዮሊኖቹ ዜማውን ይዘው ይገባሉ። ዜማው በማይነር (ብዙ ጊዜ ሐዘንተኛ ሆኖ በሚሰማው የምዕራባውያን ሙዚቃ ቅኝት) የተሠራ ነው፤ ከፍ ይልና ይጠመዘዛል፣ ያርፋል ሲሉት አያርፍም፣ ተመልሶ ይወርዳል። ከሥሩ ያለው አጃቢ ደግሞ በዚያው በአንድ ማይነር ኮርድ (አንድ ላይ በሚሰሙ ድምፆች) ላይ ሙጭጭ ብሎ አልንቀሳቀስም ይላል። ላይኛው መሸሽ ይፈልጋል፤ ታችኛው አይለቀውም። በእኔ ግምት እንባዎን የሚያመጣው ይህ መጓተት እንጂ ማይነር መሆኑ ብቻ አይደለም፤ በማይነር የተሠሩና ማንንም የማያስለቅሱ ዋልትዞች ሞልተዋልና። በመካከሉ ድምፁ ቀለል ይልና የደስታ ክፍተት ይገኛል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ዜማ ተመልሶ ሲመጣ ያ ክፍተት ከመዘጋት አይድንም።

የጎንደር ሰው ለዚህ ዓይነት ነገር እንግዳ ነው ብዬ አላምንም። አዝማሪ ቤት ማሲንቆ በትዝታ ቅኝት ሲከረከር፣ አንድ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ በአዝማሪው ግንባር ላይ ብር ሲለጥፍ በአንድ ፊት ፈገግታም እንባም ይታይበታል፤ አጠገቡ የተቀመጠውም ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ አይጠይቀውም። የእኛ ጭፈራ አብዛኛው ሦስት ሦስት እየሆነ የሚደረደር ምት ያለው ስለሆነም የዋልትዙ እርምጃ ለትከሻችን ሩቅ አይደለም። ባለቤትዎ «ሙሾ» ማለታቸው ትንሽ አጋነዋል፤ «የዳንስ ሙዚቃ ነው» ማለታቸው ግን እውነት ነው።

ጥያቄ፦ በደርግ ዘመን በሶቭየት ኅብረት የእንስሳት ሕክምና ተምሬያለሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ይህን ዋልትዝ በሰማሁ ቁጥር የተማሪዎች መኖሪያችን ደረጃ፣ በመስኮቱ ላይ የጋገረው በረዶና አብረውኝ የነበሩ ልጆች ፊቴ ይደቀናሉ። ልጆቼን ጠርቼ ሳሰማቸው ግን «ጥሩ ነው አባዬ» ብለው ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ። እኔን የሚነካኝ ሙዚቃው ነው ወይስ ወጣትነቴ ነው? (ጡረተኛ፣ ከጎንደር ቀበሌ)

መልስ፦ የተከበሩ አባታችን፣ የበለጠው ድርሻ የወጣትነትዎ ይመስለኛል፤ ይህን ስል ግን የሙዚቃውን ዋጋ ማሳነሴ አይደለም። ሰው በጉርምስናውና በወጣትነቱ የሰማው ዜማ ከሌላው ዕድሜ ይልቅ አጥብቆ እንደሚቆራኘው በማስታወስ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። በተጨማሪም በሞንትሪያል የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች የሚወዱትን ሙዚቃ ሲሰሙ ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ንጥረ ነገር የሚመነጨው የሚወዱት ቦታ ላይ ሲደርሱ ብቻ ሳይሆን፣ ያ ቦታ ሊመጣ ነው ብለው ሲጠብቁም ጭምር መሆኑን አረጋግጠዋል። እርስዎ የመጀመሪያው ዜማ መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ከመምጣቱ በፊት ሰውነትዎ ይሰናዳል። ልጆችዎ ግን ገና የሚጠብቁት ነገር የላቸውም። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከማሰማት ይልቅ ቤት ውስጥ ሥራ እየተሠራ ደጋግሞ መክፈቱ ይሻላል፤ የሚለመደው እንደዚያ ነው።

በሶቭየት ምድር ግን ይህ ዋልትዝ ከግል ትዝታ በላይ የሆነ ሸክም ነበረው፤ ምናልባት እርስዎም ከመምህራንዎ ሰምተው ይሆናል። ተውኔቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በእነሱ ጁን 21 ቀን 1941። በማግስቱ የናዚ ጀርመን ጦር ድንበሩን ጥሶ ገባ። የትርኢቱ ዘመን ባጭሩ ተቀጨ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም የቲያትሩ ሕንፃ በቦምብ ተመታ። ከዚያ በኋላ ዋልትዙን የሰማ የዚያ ትውልድ ሰው ከኒና በተጨማሪ ያንን የመጨረሻ የሰላም ምሽት አብሮ ቢሰማ አይገርምም። አቀናባሪው ግን ይህን አላሰበበትም፤ ሲጽፈው ነገ ምን እንደሚመጣ አያውቅም ነበርና። (በነገራችን ላይ በዚያች ምሽት አዲስ አበባ ነጻ ከወጣች ከወር በላይ ሆኗት ነበር፤ ጎንደር ግን እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ድረስ በጣልያን እጅ ቆይታለች።) ሙዚቃው ከጦርነቱ የተረፈው ኻቻቱሪያን በ1944 አምስት ክፍሎች መርጦ ለኮንሰርት የሚሆን ስዊት (ተከታታይ ክፍሎች ያሉት የኦርኬስትራ ሥራ) ስላደረገው ነው፤ ዋልትዙ የዚህ ስዊት መክፈቻ ነው።

ጥያቄ፦ ኻቻቱሪያን ለአገራችን ብሔራዊ መዝሙር ከደረሱት አርመናውያን ጋር ዝምድና አለው ወይ? ዋልትዙስ የአርመን ሙዚቃ ሊባል ይችላል? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ ዝምድና የለውም። ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ አርመናውያን ልጆች ጋር የመጡ የሙዚቃ መሪ ናቸው፤ በዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም የተዘመረውን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን መዝሙር ዜማ የደረሱትም እሳቸው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ብዙ ሙዚቀኞችን አሠልጥነዋል። ኻቻቱሪያን ደግሞ በ1903 በቲፍሊስ፣ በዛሬዋ ትብሊሲ፣ ከአርመን ቤተሰብ ተወልዶ በሞስኮ የተማረና የኖረ ሰው ነው፤ በ1978 ሲሞት የተቀበረው በየሬቫን ነው። ዋልትዙ ለሩሲያ ተውኔት በሩሲያ መኳንንት ድግስ አምሳል ተጽፏል። የአርመንን ባሕላዊ ሙዚቃ ለመስማት ከፈለጉ «ጋያኔ» የተባለው ባሌው ይሻልዎታል።

ጥያቄ፦ ሠርጌ ከፋሲካ በኋላ ነው። ከእጮኛዬ ጋር ወደ አዳራሹ ስንገባ ይህ ዋልትዝ እንዲከፈት ወስነን ነበር፤ አሁን ግን ጓደኛዬ በተውኔቱ ውስጥ ባልየው ሚስቱን በመርዝ እንደሚገድል ነግራኝ ግራ ገባኝ። ይቅርብን? (ሙሽሪት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ። በታሪኩ ምክንያት አይቅርባችሁ፤ ዋልትዙ በተውኔቱ ውስጥም ቢሆን የድግሱ እንጂ የመርዙ ሙዚቃ አይደለም፤ ታሪኩን የሚያውቁ ብዙ ሰዎችም በዳንስ መድረክና በበረዶ ሸርተቴ ውድድር ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ጃፓናዊቷ ማኦ አሳዳም በ2008/09 የውድድር ዘመን ተወዳድራበታለች። ከአዳራሹ እንግዶች መካከል ስለ አርቤኒን የምታውቀው ያቺው ጓደኛሽ ብቻ ብትሆን ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሦስት ምት ባለው ሙዚቃ ተራምዶ መግባት አስቸጋሪ ነው፤ ኃይለኛው ምት አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግር ላይ ስለሚያርፍ ረጅም ቬሎ ለለበሰች ሙሽራ አይመችም፤ በዚያ ላይ መክፈቻው ከበድ ያለ ነው። ስለዚህ ስትገቡ እልልታውና የእኛው የሠርግ ዘፈን ይቀበላችሁ፤ ዋልትዙን ሁለታችሁ ለብቻችሁ ለምትጨፍሩበት ሰዓት አቆዩት። ርዝመቱ አራት ደቂቃ ገደማ ነውና ለዲጄው መካከል ላይ እንዳያቋርጠው አስቀድማችሁ ንገሩት። ስዊቱን በሙሉ ከጫነ ከዋልትዙ ቀጥሎ የሚመጣው ኖክተርን ነው፤ እሱ በቫዮሊን ሶሎ የሚሄድ ረጋ ያለ ሙዚቃ ስለሆነ እንግዶች ምግብ ሲያነሱ ቢከፈት ይስማማል። የመጨረሻው ጋሎፕ ግን እጅግ ፈጣንና ጫጫታ የበዛበት ስለሆነ እዚያ ሳይደርስ ያጥፋው።