በረሃ ያላስጣላቸው እምነት

ጥያቄ፦ የምኖረው እስራኤል ነው። አባቴ በ15 ዓመታቸው ከጎንደር በእግር ተጉዘው ሱዳን ገቡ፤ ከዚያም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 መጀመሪያ ላይ እስራኤል የኢትዮጵያ አይሁዶችን ከሱዳን በአውሮፕላን ባወጣችበት በሙሴ ዘመቻ መጡ። ወንድ አያቴ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) ቄስ፣ ማለትም የሃይማኖት መሪ ነበሩ። በሰንበት እሳት ማንደድ በእምነታችን ክልክል ነው፤ በሱዳን መጠለያ ግን ይሁዲነታቸው እንዳይታወቅ፣ «ሰንበት ጭስ ካልታየ ጎረቤት ይነቃብናል» ተብሎ ሴት አያቴ ባዶ ድስት ጥደው እሳት እያነደዱ ሲያለቅሱ ማየታቸውን አባቴ ይነግሩኝ ነበር። አሁን ግን ምኩራብ ከረገጡ ዓመታት አልፈዋል። የልጄ ባር ሚጽቫ (ወንድ ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው የሚደረገው የሃይማኖት በዓል) ደርሷል፤ «እዚያ ቤት አልገባም» አሉ። እኔም በንዴት «እግዚአብሔርን ክደዋል» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ አያናግሩኝም። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሲጋራቸውን ማጥፋታቸውን ግን አልተዉም፤ ልማድ ይመስለኛል።

መልስ፦ እኅቴ፣ «ልማድ ይመስለኛል» ብለሽ ያለፍሽው ላይ ደጋግሜ ተመለስኩ። እናታቸው በሰንበት እሳት ለመጫር ሲገደዱ ያየ ልጅ፣ አርባ ዓመት ቆይቶ ዓርብ ማታ እሳቱን ያጠፋል። አባትሽን አግኝቼ ስላላነጋገርኳቸው በልባቸው ያለውን አውቃለሁ አልልም። «ክደዋል» የሚለውን ግን አልቀበልሽም።

ቤተ እስራኤል በጎንደር «ፈላሻ»፣ «ቡዳ» ሲባሉ፣ ርስት ተከልክለው በሸክላና በብረት ሥራ ሲያድሩ፣ የሚያሳድዳቸው ሰው ከውጭ ነበር። እንዲህ ያለ መከራ ብዙ ጊዜ እምነትን ያጠብቃል፤ መከራው «ለኢየሩሳሌም ነው» የሚባል ስም አለውና። በሱዳን መንገድና መጠለያ 4 ሺህ ያህል ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል፤ የተረፉትን ያቆማቸው ይኸው ስም ነበር። ሁሉንም አቆመ ማለቴ ግን አይደለም።

ከደረሱ በኋላ የመጣው መከራ ስም አልነበረውም። የሃይማኖቱ ባለሥልጣናት «ይሁዲነታችሁ ያጠራጥራልና የመንጻት ውኃ ውስጥ ግቡ» አሉ፤ በ1985 ወገኖቻችሁ ኢየሩሳሌም ላይ ለሳምንታት ተቀምጠው የተቃወሙት ለዚህ ነበር። መንደሩ ሁሉ ብድግ ብሎ የሚቀበላቸው ቄሶች ማጋባት እንኳ አትችሉም ተባሉ። በ1996 ደግሞ የለገሱት ደም በድብቅ ይጣል እንደነበር ተሰማ። ጠላት ሲያዋርድህ ወደ ወገንህ ትሸሻለህ፤ ወገን ሲያዋርድህ መሸሻ የለም። አባትሽ በዚያ ዕድሜያቸው የገዛ አባታቸው እንደ ባዕድ ሲታዩ አይተው ከሆነ፣ «እዚያ ቤት አልገባም» ማለታቸው ለአባታቸው ክብር መቆም ሊሆን ይችላል።

በአማካሪነት ሙያችን በእግዚአብሔር መቆጣትን፣ በአማኞች መቆጣትንና በእምነቱ መጠራጠርን ለያይተን እናያለን። ሦስቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሰውየው ጸሎት ቤት አይሄድም። አንቺ ሦስተኛውን ገምተሽ ፈረድሽ። እኔ ሁለተኛውን እጠረጥራለሁ።

መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቂያቸው፤ ሽማግሌ ሳትልኪ፣ ራስሽ ሄደሽ። ስለ ባር ሚጽቫው በዚያ ቀን አታንሺ። «ምኩራብ ለምን አይሄዱም?» የሚለውን ጥያቄም ተዪው፤ ይልቅ «ውኃው ግቡ የተባላችሁ ዕለት አባትዎ ምን አሉ?» በያቸው። ምናልባት እስከ ዛሬ የጠየቃቸው ሰው የለም። ዝም ካሉ ቡናውን ጠጥተሽ ሂጂ፤ ሌላ ቀን ተመለሺ። እንቅልፍ ካጡ፣ መጠጥ ካበዙ ወይም ከሰው ከተገለሉ ግን አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ፈልጊላቸው።

ልጁን በተመለከተ፣ ከምኩራቡ ሥነ ሥርዓት በፊት ባለው ሳምንት ቤትሽ ዳቦ ድፊ፣ ቄስ ጥሪ፣ አባትሽ ከአባታቸው የተማሩትን አንድ የግዕዝ ጸሎት ለልጅ ልጃቸው እንዲያስጠኑት ለምኚያቸው። ግዕዙን ከእሳቸው በቀር ማንም ሊያስጠናው እንደማይችል ልጁ ራሱ ሄዶ ይንገራቸው። ምኩራቡ በር ድረስ ይምጡ አይምጡ፣ ያንን ለእሳቸው ተዪላቸው።