«መገልበጥ ነው» ላለሽ ወንድምሽ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ የሶፍትዌር ምህንድስና 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ልጅ ሆኜ አክስቴ ከቤሩት ባመጣችው ፒኤስፒ (በእጅ የሚያዝ የጌም ኮንሶል) ከወንድሜ ጋር እየተነጣጠቅን ‹ሊበርቲ ሲቲ ስቶሪስ› የሚለውን ጂቲኤ ስጫወት ነው ያደግኩት። ሕልሜ ትልልቅ ጌሞችን በእጅ ለሚያዙ ኮንሶሎች ማዘጋጀት ነው። ወንድሜ ግን ‹የሌላ ሰው ሥራ መገልበጥ እኮ ነው› እያለ ይስቅብኛል። እውነቱን ነው? ደግሞስ ላፕቶፕና አንድ ርካሽ ስልክ ብቻ ይዤ ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ ለወንድምሽ መልሱ ያለው እዚያው ስትነጣጠቁት በነበረው ጌም ውስጥ ነው።

ሊበርቲ ሲቲ ስቶሪስ የወጣው በ2005 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሠሪዎቹ የእንግሊዙ ሮክስታር ሊድስና የስኮትላንዱ ሮክስታር ኖርዝ ናቸው። ከተማዋ በፕሌይስቴሽን 2 ከወጣው ጂቲኤ 3 የምናውቃት ሊበርቲ ሲቲ ናት። እስካሁን ወንድምሽ ትክክል ይመስላል።

አሁን ቁጥሩን እዪ። ፕሌይስቴሽን 2 ራሙ (ጌሙ ሲሠራ የሚቀመጥበት ቦታ) 32 ሜጋባይት ነው፤ ለምስል ብቻ ደግሞ ሌላ 4 አለው። የመጀመሪያው ፒኤስፒም 32 አለው፤ ግን 8ቱን ሲስተሙ ለራሱ ይወስዳል። ለጌሙ የሚተርፈው 24 ነው። ፕሮሰሰሩ 333 ሜጋኸርዝ መሄድ ይችላል፤ ያኔ ለጌም የተፈቀደው ግን እስከ 222 ብቻ ነበር። ዲስኩ የሚይዘው 1.8 ጊጋባይት ነው፣ ተራ ዲቪዲ ግን 4.7 ይይዛል። ካሜራ የሚዞርበት ሁለተኛ ስቲክ ጭራሽ የለም። የትከሻ ቁልፎቹም ከ4 ወደ 2 ወርደዋል። ይሄን ሁሉ ማን «ይገለብጠዋል»?

ከተማ ሙሉውን በ24 ሜጋባይት ውስጥ አይቀመጥም። በፕሌይስቴሽን 2ም አልተቀመጠም። ዘዴው ተጫዋቹ ያለበትን ሰፈር ብቻ መጫን፣ ያለፈውን ማራገፍ፣ የሚመጣውን ደግሞ ከዲስኩ ቀድሞ ማንበብ ነው። ስትሪሚንግ ይሉታል። የሚኒባስ ረዳት ሥራ በይው፦ «ወራጅ አለ» ካልተባለ አዲስ ተሳፋሪ አይገባም። ልዩነቱ እዚህ ረዳቱ ከተሳሳተ አስፋልቱ ራሱ ከመኪናው ሥር ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የትኛው ሕንፃ ዝርዝሩ ይቀነስ፣ መንገዱ ላይ ስንት መኪና ይታይ፣ የትኛው ምስል በአሥር ግድግዳ ላይ ይደጋገም ብሎ ይወስናል። የምትመኚው ሥራ ይሄ ውሳኔ ነው። እኔ እንደማየው ከኮዱ ይልቅ የሚከብደውም እሱ ነው።

ከዚህ የበለጠ የምወደው ምሳሌ ግን በ2009 ባለሁለት ስክሪን ለሆነው ኒንቴንዶ ዲኤስ የወጣው ቻይናታውን ዋርስ የሚባለው ጂቲኤ ነው። ይሄም የሮክስታር ሊድስ ሥራ ነው። የዲኤስ ራም 4 ሜጋባይት ነው፤ አራት! እዚያ ውስጥ ትልቁን ጂቲኤ አሳንሶ ማስገባት አይሞከርም። ስለዚህ ማሳነሱን ተዉትና እንደገና አሰቡት። ካሜራውን እንደ መጀመሪያዎቹ ጂቲኤዎች ወደ ላይ ሰቀሉት። የታችኛው ስክሪን በጣት የሚነካ ስለሆነ መኪና መስረቅን ራሱን ጨዋታ አደረጉት፤ ብሎን ትፈቺያለሽ፣ ሽቦ ታገናኛለሽ። ፖሊስ ሲያሳድድሽ ደግሞ የፖሊስ መኪኖቹን ከጥቅም ውጪ ስታደርጊ ምን ያህል እንደምትፈለጊ የሚያሳየው የኮከብ ቁጥር ይቀንሳል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ጌሙ ወደ ፒኤስፒ ሄደ። እዚያ ቁልፍ እንጂ የሚነካ ስክሪን የለም። በ2010 ደግሞ ወደ አይፎን ሄደ። አሁን ስክሪኑ ይነካል፣ ቁልፎቹ ግን የሉም። አንድ ጨርቅ ለሦስት ሰው ልክ ተሰፋ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የማይል ነገር አለ። የዲኤሱ ጌም የተቺዎችን ነጥብ በሚያጠናቅረው ሜታክሪቲክ ላይ ከ100 93 አግኝቷል። አሜሪካ ውስጥ በወጣበት ወር የተሸጠው ግን ከ90 ሺህ ቅጂ በታች ነበር። ጎበዝ ሥራ ሁሉ ገበያ አያገኝም፤ ይሄን ከአሁኑ እወቂው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። የኮንሶል አምራቾች የመሥሪያ መሣሪያቸውን የሚሰጡት ለተመዘገበ ባለሙያ ነው፤ ምስጢር የመጠበቅ ስምምነትም ያስፈርማሉ። እሱን አትጠብቂ። ለአሮጌው ፒኤስፒ ግን በነፃ የሚገኝ፣ ፒኤስፒዴቭ የሚባል የሲ እና የሲ ፕላስ ፕላስ መሥሪያ አለ። የሠራሽውን ፒኤስፒን አስመስሎ በሚሠራው ፒፒኤስኤስፒፒ በሚባል ኢሙሌተር ላፕቶፕሽ ላይም ስልክሽ ላይም ትሞክሪዋለሽ።

ከተማም አለሽ። ሐዋሳን ሥሪ። ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን እስከ ሐይቁ ያለው ጎዳና ይበቃል። በካሬ በካሬ ከፋፍይው። ተጫዋቹ ያለበትን ካሬና በዙሪያው ያሉትን ስምንቱን ብቻ ጫኚ። ከ24 ሜጋባይት አትለፊ። በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ከፈለግሽ ለአንዱ ፍሬም ያለሽ ጊዜ 33 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ በየቀኑ ለኪና ጻፊው። መኪናው ባጃጅ ይሁን። ቀልዴን አይደለም፤ ባጃጅ ስለሚያዘግም ቀጣዩን ካሬ ለመጫን ጊዜ ታገኛለሽ። ከዚያ በኋላ ፈጣን መኪና አስገቢና የት እንደሚሰበር እዪ።

ሥራ የሚቀጥርሽ ሰው እንዲያነብ የምፈልገው ያንን የልኬት ማስታወሻ ነው። «እዚህ 9 ሜጋባይት ይበላ ነበር፣ እንዲህ አድርጌ 3 አደረስኩት» የሚል አንድ ገጽ ከአሥር ሰርተፊኬት ይሻላል።

ከአንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። አንዳንድ አፍቃሪዎች የጂቲኤ 3ንና የሌላውን ጂቲኤ፣ የቫይስ ሲቲን፣ ኮድ ጌሙን መርምረው መልሰው ጽፈው ነበር። በእጅ በሚያዙት ፕሌይስቴሽን ቪታና ኒንቴንዶ ስዊች ላይም ሠርቷል። ጎበዞች ናቸው። የጂቲኤ ባለቤት የሆነው ቴክ ቱ ግን በ2021 መጀመሪያ ከኢንተርኔት አስወረደው፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ክስ መሠረተ። እንዲህ ያለውን ማሳያ ሥራሽ ውስጥ አታስገቢ። የሰው ኮድ ላይ መለማመድ ካማረሽ ዱም የሚባለው የድሮ ጌም አለልሽ፤ ኮዱን ባለቤቶቹ ራሳቸው በ1997 ለቀውታል።

ሥራውስ? ቴክሳስ ያለው ፓኒክ በተን የሚባል ኩባንያ በዚህ ሙያ ስም ያወጣ ነው፤ አዲሱን፣ የ2016ቱን ዱም ወደ ስዊች ያመጣው እሱ ነው። የመጀመሪያ ቅጥርሽ እዚያ ይሆናል ብዬ አላታልልሽም። ቪዛውም፣ ውድድሩም ከባድ ነው። ችሎታው ግን እዚሁም ይፈለጋል። «ኩኩሉ» የሚባለውን የስልክ ጌም የሠራው ቅኔ ጌምስ አዲስ አበባ ነው ያለው። ለስልክ የሚሠራ ጌም ደግሞ ራሙ ትንሽ በሆነ ርካሽ ስልክ ላይ ካልሄደ እኛ አገር ብዙ ተጫዋች አያገኝም። ያ የምታማርሪው ስልክሽ እንግዲህ መሞከሪያሽ ነው።

ጎዳናውን ስትጨርሺ ባጃጁን መጀመሪያ ለወንድምሽ ስጪው። የሚስቅ ሰው ስህተት ፈልጎ ለማግኘት አይሰንፍም።