አንጾኪያዊው አግናጥዮስ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ሰማዕቱ ኤጲስ ቆጶስ ስለ ቅዱስ አግናጥዮስ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ከጠበቅሁት በላይ ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ «ምጥው ለአንበሳ» ማለት ምን ማለት ነው?

መልስ፦ የአግናጥዮስ ቅጽል ስም ነው፤ በግእዝ ለአንበሳ የተሰጠ ማለት ነው። በሮማዊው ንጉሥ በትራጃን ዘመን (98–117) ተይዞ፣ ከአንጾኪያ ሮም ድረስ ተወስዶ ለአራዊት ተጣለ። ታኅሣሥ 24 ስንክሳሩ ሲነበብ ሰምታችሁት ይሆናል።

ጥያቄ፦ እስረኛ ሆኖ ሰባት መልእክት እንዴት ጻፈ?

መልስ፦ መንገዱ ረጅም ነበር፤ ባደረበት ከተማ ሁሉ ምእመናን ሊጠይቁት ይመጡ ነበር። አራቱን በሰምርኔስ፣ ሦስቱን በጢሮአዳ ጻፈ። የሚጠብቁትን ዐሥር ወታደሮች «ዐሥር ነብሮች» ይላቸዋል፤ ደግ ሲያደርጉላቸው ይብስባቸዋል ሲልም ያማርራል። ይህችን ምሬት እወዳታለሁ፤ ሰውየውን ከሥዕሉ ታወርደዋለች።

ጥያቄ፦ የሮም ክርስቲያኖች እንዳያስጥሉት ለመነ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። የእግዚአብሔር ስንዴ ነኝ፣ በአራዊት ጥርስ ተፈጭቼ ንጹሕ የክርስቶስ እንጀራ ልሁን አላቸው። ቀጥሎም አራዊቱ መቃብሬ ይሁኑ፣ ከሞትሁ በኋላ ማንንም እንዳላስቸግር ከሥጋዬ ምንም አይትረፍ ይላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዐፅሙ ከየት ተገኘ?

መልስ፦ ይህን የጠየቅሽ እኅቴ፣ ዋናውን ነገር አንሥተሻል። ገድሉ እንደሚለው ጠንካራ ጠንካራው አጥንት ተርፎ፣ በበፍታ ተጠቅልሎ ወደ አንጾኪያ ተመለሰ። ማንንም አላስቸግርም ያለውን አባት፣ ዮሐንስ አፈወርቅ በዚያው በአንጾኪያ እንደሰበከው፣ በመንገዱ ያሉ ከተሞች በትከሻቸው ተሸክመው እየተቀባበሉ አደረሱት። መጀመሪያ ከዳፍኔ በር ውጭ ባለው መካነ መቃብር ዐረፈ። በ5ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ንጉሡ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ የዕድል አምላክ ቤተ መቅደስ የነበረውን ሕንፃ በስሙ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ዐፅሙን ወደዚያ አፈለሰው።

ጥያቄ፦ ዐፅም ማክበር በኋላ ዘመን የገባ ልማድ አይደለምን?

መልስ፦ አይደለም፣ ወንድሜ። አግናጥዮስ መልእክት ከጻፈላቸው አንዱ የሰምርኔሱ ጳጳስ ፖሊካርፐስ ነው። እርሱም በ2ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሲገደል፣ ምእመናኑ አጥንቱን ከዕንቁና ከወርቅ አስበልጠው ሰበሰቡ። ክርስቶስን እናመልካለን፣ ሰማዕታትን እንወዳለን ብለው ልዩነቱንም ያን ጊዜውኑ ጽፈውታል።

ጥያቄ፦ አሁን ዐፅሙ የት ነው?

መልስ፦ በኋላ ከአንጾኪያ ተወስዶ አሁን ሮም ነው፤ በቅዱስ ቀሌምንጦስ ቤተ ክርስቲያን፣ በታላቁ መንበር ሥር። ከዚያ ወጥታችሁ ጥቂት ብትራመዱ ሮማውያን ሰውን ከአራዊት ጋር ያታግሉበት ከነበረው ከኮሎሴዩም ትደርሳላችሁ።