መልስ፦ ማይክሮዌቭ ስታበራ ኢንቨርተሩ ለምን ይጠፋል?

ወንድሜ፣ የሞተርሆምህ (የመኖሪያ መኪናህ) ባትሪ 12.7 ቮልት እያሳየ ማይክሮዌቭ ስታበራ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ዓይነት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዕቃ) ጮኾ ይጠፋል ብለሃል። አዲስ ኢንቨርተር ለመግዛት አትቸኩል። ያ 12.7 የተለካው ባትሪው ሥራ ላይ ሳይሆን ነው።

1000 ዋት የሚባል ማይክሮዌቭ ራሱ የሚስበው ወደ 1500 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት ሲሰላ ከ125 አምፔር በላይ ይሆናል። እዚህ ላይ ቀጭን ገመድ ወይም የላላ ብሎን ጉድ ይሠራሃል፤ ቮልቱ መንገድ ላይ ይወርድና ኢንቨርተሩ ይጠፋል።

ማይክሮዌቩ እየሠራ ሳለ በቴስተር ሁለት ቦታ ለካ፦ ባትሪው ፖል ላይ (የገመዱ መያዣ ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ)፣ ከዚያም ኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ። ባትሪው 12.2 ይዞ ኢንቨርተሩ ጋ 10.8 ከሆነ ችግሩ መሃል ነው፤ ገመዱን፣ ፊውዙንና ማያያዣዎቹን እይ። የሞቀ ማያያዣ ካገኘህ ጥፋተኛው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ባትሪው ላይም ወዲያው ከ11 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም አቅሙ ትንሽ ነው። ሊቲየም ከሆነ ቢኤምኤሱ (ባትሪውን የሚጠብቀው መቆጣጠሪያ) ስንት አምፔር እንደሚፈቅድ አረጋግጥ፤ ጣሪያው 100 ከሆነ ባትሪው ጤነኛ ሆኖም ይቆርጣል።

እባክህ ብሎን ከመንካትህ በፊት ኢንቨርተሩን አጥፋ፣ ኔጌቲቩን አስቀድመህ ፍታ፣ ቀለበትህንም አውልቅ። ሁለቱን ቁጥሮችና የገመዱን ውፍረትና ርዝመት ላክልኝ።