መስት፣ ሃቭ ቱ ወይስ ሹድ? እንግዳ ይዞ ጣና ላይ ለሚወጣ ሰው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን እንደተረዳሁት ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት እንግዳ ይዘህ ትሄዳለህ። የሚደረገውንና የማይደረገውን ስትነግራቸው ሁሉንም በእንግሊዝኛው «መስት» ትለዋለህ፤ አንዳንዱ ፊቱ ይቀየርብሃል። ትምህርት ቤት «መስት»ም «ሃቭ ቱ»ም «ሹድ»ም «አለብህ» ተብለው ስለተማርናቸው ልዩነታቸው አልገባኝም ብለሃል። ልዩነታቸው ትልቅ ነው። መጀመሪያ ግን አሉታውን እናንሳ፤ ሰው የሚጎዳው እዚያ ላይ ነውና።

ጀልባው እየሄደ እንግዳው ፎቶ ሊያነሳ ብድግ ይላል። አስጎብኚው «መቆም የለብህም» ለማለት «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ስታንድ አፕ» ይለዋል። እንግዳው ጆሮ ላይ የሚደርሰው ግን «መቆም ግድ አይደለም፤ ከፈለግህ ቁም» የሚል ነው። ስለዚህ አመስግኖ ቆሞ ይቀራል፤ ጀልባዋም ታጋድላለች። ተቃራኒው ስህተትም አለ። የጀልባው ሂሳብ አስቀድሞ ተከፍሏል እንበል፤ «እንደገና መክፈል የለባችሁም» ሊል የፈለገ ሰው «ዩ መስንት ፔይ አጌን» ቢል «እንዳትከፍሉ፣ ክልክል ነው» ማለቱ ነው። እንግዳው ግራ ይጋባል፤ የሆነ ነገር ሳይኖር አይቀርም ብሎም ይጠራጠራል።

ይህ የሚሆነው የእኛ «የለብህም» ክልከላውንም አለመገደዱንም ስለሚሸከም ነው። መፍትሔው ወደ እንግሊዝኛ ከመሻገርህ በፊት አማርኛውን መለወጥ ነው። ሐሳብህ «እንዳትቆም» በሚለው ከተገለጸ «መስንት» ነው። «መክፈል አያስፈልግም» በሚለው ከተገለጸ «ዶንት ሃቭ ቱ» ነው። «ዶንት ኒድ ቱ»ም እዚህ እኩል ይሠራል። ውኃ ላይ ሆነህ ነገሩ አጣዳፊ ከሆነ ግን ሁለቱንም ተዋቸውና «ፕሊዝ ስቴይ ሲትድ» በል። አጭር ነው፣ ማንም በሌላ አይተረጉመውም።

ወደ አዎንታው ስንመጣ፣ ራስህን የምትጠይቀው ግዴታው ከየት መጣ ብለህ ነው። ከተናጋሪው ፈቃድ ከመጣ «መስት» ነው። ከሕግ፣ ከሥርዓት ወይም ከሁኔታው ከመጣ «ሃቭ ቱ» ነው። ግዴታ ሳይሆን ምክር ከሆነ «ሹድ» ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት በር ላይ ቆመህ «ዩ መስት ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ» ስትል እንግዳው አዛዡ አንተ እንደሆንክ ነው የሚሰማው። ጫማ የሚያስወልቀው ግን የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ነው። እንግዲያው «ዊ ሃቭ ቱ ቴክ ኦፍ አወር ሹዝ ሂር» በል። «ዩ» የነበረው «ዊ» መሆኑን ልብ በል፤ አንተም አብረህ ታወልቃለህና ትእዛዙ ከላይ የወረደ አይመስልም። በአማርኛ «ጫማዎን ያውልቁ» ስንል አክብሮቱ በቃሉ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ለሕፃንም ለአዛውንትም «ዩ» ስለሚል፣ አክብሮትህ የሚታወቀው በምትመርጠው ግሥና በድምፅህ ነው። ፊታቸው የሚቀየረው ለዚህ ይመስለኛል።

ክልከላም ላይ እንደዚሁ ነው። ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም። «ዊመን መስት ኖት ኢንተር» ከአፍህ ሲወጣ የራስህ ክልከላ ይመስላል፤ «ዊመን አርንት አላውድ ኦን ዚስ አይላንድ» ግን ያለውን ሥርዓት መናገር ነው። ይህን ደግሞ ደሴቱ ጋ ደርሰህ ሳይሆን ከባሕር ዳር ከመነሳትህ በፊት ንገራቸው፤ አያይዘህም ከአጠገቡ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ለሴቶች ክፍት እንደሆነች «ዩ ካን ቪዚት እንጦስ ኢንስቴድ» ብለህ ጨምር።

«መስት»ን ጨርሰህ ጣለው አላልኩህም። በጽሑፍ ማስታወቂያና በደንብ ላይ ቦታው እሱ ነው፤ «ኦል ፓሴንጀርስ መስት ዌር ላይፍ ጃኬትስ» ተብሎ ጀልባው ላይ ቢለጠፍ ትክክል ነው። በንግግር ግን፣ በተለይ አሜሪካውያን፣ ለግዴታ «ሃቭ ቱ»ን ነው የሚያዘወትሩት። ሌላው የ«መስት» ቦታ ሞቅ ያለ ግብዣ ነው። «ዩ መስት ትራይ ዘጌ ኮፊ» ብትል ማንም አይቀየምህም፤ «ሳትቀምሱትማ እንዳትሄዱ» እንደማለት ነው። እዚህ ላይ ግሡ «ትራይ» ይሁን። «ዩ መስት ድሪንክ ኮፊ» ስትል ሐኪም ያዘዘ መድኃኒት ይመስላል። አንዴ ጋብዘህ «ኖ ታንክ ዩ» ካሉህም ተዋቸው፤ እኛ ዘንድ እስከ ሦስት ጊዜ መለመን ፍቅር ነው፣ እነሱ ዘንድ ግን ያ ቃል ሲደጋገም ወደ ማስገደድ ይዞራል።

«ሹድ» ለምክር ነው፤ መቀበልም አለመቀበልም የሰሚው ነው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሳ በጠዋት መውጣት ይሻላል ብለህ ስትመክር «አይ ቲንክ ዊ ሹድ ሊቭ ኧርሊ» በል፤ ከፊት ያለው «አይ ቲንክ» ያለሰልሰዋል። ለማታውቀው ሰው ስለ ግል ነገሩ፣ ለምሳሌ ስለ ኮፍያ፣ ስትመክር ከዚያም ለስለስ አድርገህ «ዩ ማይት ዋንት ቱ ብሪንግ ኧ ሃት» ብትል ጥሩ ነው። «ኦት ቱ» ከ«ሹድ» ጋር አንድ ነው፤ ስትሰማ ይግባህ እንጂ ልጠቀምበት ብለህ አትጨነቅ።

«ሃድ ቤተር» ላይ ተጠንቀቅ። ብዙ ሰው «ይሻላል» የሚለውን ሲተረጉም ያነሳዋል፤ ነገር ግን ውስጡ «አለዚያ ችግር ይመጣል» የሚል አለበት። ማዕበሉ ሲጀምር «ዊድ ቤተር ጎ ባክ ናው» ብትል ልክ ነው («ዊድ» የ«ዊ ሃድ» አጭር ነው)። «ዩድ ቤተር ፔይ ናው» ግን ማስፈራራት ነው። «ሃድ» ስላለበት ያለፈ ጊዜ አይምሰልህ፤ የሚናገረው ስለ አሁንና ስለሚመጣው ነው። ከኋላው «ቱ» አይገባም፤ አሉታው «ሃድ ቤተር ኖት» ነው።

ያለፈ ጊዜም የራሱ ጣጣ አለው። «ወደ ጢስ ዓባይ በጠዋት መሄድ ነበረብን» ብትለኝ ሄዳችሁ ይሁን ቀርታችሁ ከአነጋገርህ ካልሆነ አላውቅም። እንግሊዝኛው ይለየዋል። «ዊ ሃድ ቱ ጎ ኧርሊ» ግድ ሆኖባችሁ በጠዋት ሄዳችኋል። «ዊ ሹድ ሃቭ ጎን ኧርሊ» ሳትሄዱ ቀርታችሁ ተቆጭታችኋል። ይህን ሁለተኛውን «ዩ» ብለህ ለእንግዳ ከተናገርከው ወቀሳ ይሆናል። «መስት» ደግሞ ለግዴታ ያለፈ ጊዜ የለውም፣ «ሃድ ቱ» ይተካዋል። «ዘ ቦት መስት ሃቭ ሌፍት» ያልክ እንደሆነ «ጀልባው ሄዶ መሆን አለበት» የሚል ግምት ነው፤ እዚህ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ይገጥማሉ። «ሄዶ ሊሆን አይችልም» ለማለት ግን «መስንት» ሳይሆን «ካንት ሃቭ ሌፍት» ነው።

ቅርጹን በተመለከተ ደጋግሞ የሚሰማው ስህተት «ሹድ ቱ ጎ» እና «መስት ቱ ጎ» ነው፤ ሁለቱም «ቱ» አይወዱም። «ሂ መስት ጎዝ» አይባልም፣ «ሂ መስት ጎ» ነው። «ሃቭ ቱ» ግን እንደ ተራ ግሥ ነው የሚረባው፦ «ሺ ሃዝ ቱ»፣ «ዳዝ ሺ ሃቭ ቱ»፣ «ዲድንት ሃቭ ቱ»። ለወደፊት «ዊል መስት» የሚባል የለም፣ «ዊል ሃቭ ቱ» ነው።

አነጋገሩንም ልመድ። «መስንት» (mustn't) ውስጥ የመጀመሪያው «ት» አይሰማም፣ «ሹድ» (should) ውስጥ «ል» ይጻፋል እንጂ አይነበብም። «ሃቭ ቱ» በፍጥነት ሲነገር «ሃፍቱ»፣ «ሃዝ ቱ» ደግሞ «ሃስቱ» ይሆናል። «ሹድ ሃቭ» «ሹደቭ» ተብሎ ስለሚያልፍ ጆሮህን ካላስለመድከው ያመልጥሃል።

ለልምምድ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልግህም። ከወደቡ ተነስተህ እስክትመለስ ለእንግዳ የምትናገራቸውን መመሪያዎች በአማርኛ ጻፋቸው፤ ላይፍ ጃኬት፣ መቀመጥ፣ ጫማ፣ በሥዕሎቹ ፊት ፍላሽ፣ ክፍያ፣ የመመለሻ ሰዓት። በእያንዳንዱ ጎን ግዴታው ከማን እንደመጣና ባይደረግ ምን እንደሚከተል ጻፍ። ከዚያ እንግሊዝኛውን አውጣና ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው። ስትጨርስ እዚሁ ለጥፈው፣ አንድ በአንድ አየዋለሁ።