የፎን ትራፕ ቤተሰብ በእርግጥ ተራራ ተሻግሮ ነበርን?

ጥያቄ፦ ስለ ኦስትሪያው ዘማሪ የፎን ትራፕ ቤተሰብ የሚተርከውን «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ» የተባለውን ፊልም ከልጆቼ ጋር ተመለከትን። ታናሿ ልጄ፣ ቤተሰቡ ያንን ሁሉ ተራራ በእግሩ ተሻግሮ ማምለጡ እውነት እንደሆነ ብትጠይቀኝ መልስ አጣሁላት። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ቤተሰቡ በእርግጥ የነበረ ነው፤ ተራራውን ግን አልተሻገረም። እ.ኤ.አ. በ1938 ኦስትሪያ በናዚ ጀርመን ከተያዘች በኋላ በባቡር ተሳፍሮ ወደ ጣሊያን ሄደ፤ ይህም የተቻለው የአባትየው የጌኦርግ ፎን ትራፕ የትውልድ ከተማ ዛራ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለጣሊያን በመሰጠቷ፣ እርሳቸውም የጣሊያን ዜግነት ስለነበራቸው ነው። ቤተሰቡ ይኖርባት ከነበረችው ከሳልዝበርግ ከተማ አጠገብ ያለውን ተራራ ቢሻገሩ ኖሮ የሚደርሱት በፊልሙ እንደሚታየው ስዊዘርላንድ ሳይሆን ራሷ ጀርመን ነበር፤ ይህንን ለልጅዎ በካርታ ላይ ቢያሳዩአት መልካም ነው።

በፊልሙ ላይ የልጆቹ ሞግዚት ሆና የምትታየው ማሪያ ብትሆን በ1926 የመጣችው ለሰባቱም ልጆች ሞግዚት ልትሆን ሳይሆን፣ ከሕመም በማገገም ላይ የነበረችውን አንዲቱን ልታስተምር ነበር። የእርሷና የጌኦርግ ጋብቻ የተፈጸመው በ1927፣ ማለትም ከስደቱ 11 ዓመት ቀደም ብሎ ሲሆን፣ ሦስት ልጆች ተጨምረው አሥር ሆነዋል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የአባትየው አሳሳል ነው። በፊልሙ ላይ ሙዚቃን ከቤታቸው ያራቁ ኮስታራ መኮንን ሆነው ይታያሉ፤ በእውነቱ ግን ገር ሰው ነበሩ፤ ማሪያ ከመምጣቷ በፊትም ከልጆቻቸው ጋር ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር። ልጆቻቸው በዚህ አሳሳል ማዘናቸው ተገቢ ነው እላለሁ። ቤተሰቡ መዝሙሩን መተዳደሪያው ያደረገውም በ1930ዎቹ ሀብቱን ያስቀመጠበት ባንክ ከከሰረ በኋላ ሲሆን፣ መዘምራኑን ያሠለጠኑት ፍራንዝ ቫስነር የተባሉ ካህን ነበሩ። በመጨረሻም በአሜሪካ፣ በቨርሞንት ግዛት ስቶ በተባለች ከተማ ሰፍረው ኖረዋል።