ሞተሯ ይጮሃል፣ እሷ ግን ንቅንቅ አትልም

ከሰበታ የከባድ መኪና መካኒክ የሆነ አንባቢ ጽፎልናል። «ጋሼ፣ ፉርጎ የምትገፋ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ያለችበት የጭነት ግቢ ተቀጥሬያለሁ። ሞተሯ ጥሩ ይነሳል። ነዳጅ ስሰጣት ትጮሃለች እንጂ አትሄድም። ፍሪሲዮኗን ልፈትሽ ብዬ ባስስ አጣሁት። ማኑዋሉ ደግሞ ቦ-ቦ ይላታል። ምን ማለት ነው?»

ወንድሜ፣ ፍሪሲዮኗን ያጣኸው ስለሌላት ነው። መፍቻህን አስቀምጥና መጀመሪያ ዓይነቷን እንለይ።

ዋናው ነገር ጉልበቱ ከሞተር ወደ ጎማ በምን እንደሚሄድ ማወቅ ነው። እንደ መኪናህ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ያላቸው አሉ፤ ግን በጣም ትንንሾቹ ናቸው። በዘይት የሚሠሩም አሉ፤ ቶርክ ኮንቨርተር (ጉልበቱን በዘይት የሚያስተላልፍ ዕቃ) አላቸው፣ ከሥር ካርዳን (ጉልበቱን ወደ አክሰል የሚያደርስ ዘንግ) ታያለህ። ጀርመኖች እነዚህን ይወዷቸዋል። ሦስተኛው ዓይነት ዲዝል-ኤሌክትሪክ ይባላል። ዲዝሉ የሚያዞረው ጄኔሬተር ነው፤ ጎማውን የሚያዞሩት ደግሞ አክሰሎቹ ላይ የተገጠሙ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። ያንተዋ ይቺኛዋ ናት።

በምን አወቅክ አትለኝም? ቦ-ቦ ነግሮኛል። «ቢ» ሁለት አክሰል ማለት ነው። «ኦ» ስትጨመር እያንዳንዱ አክሰል የራሱ ሞተር አለው ማለት ነው። ሁለቴ የተጻፈው ከሥር ሁለት ቦጊ፣ ማለትም አክሰሎቹን የሚይዝ ተሽከርካሪ ፍሬም፣ ስላላት ነው። ስለዚህ አራት አክሰል፣ አራት ሞተር። «ሲ» ሦስት አክሰል ስለሆነ፣ ኮ-ኮ ከሆነች ስድስት ስድስት ይሆናል። አሜሪካኖች «ኦ»ዋን ስለሚተዋት በእነሱ ማኑዋል እንዳትሳሳት። ለማረጋገጥ ጎንበስ በል፤ ወደ ቦጊው የሚገቡ ወፋፍራም ኬብሎች ታያለህ።

አሁን ወደ ችግሩ። ጎማዋን ታኮ አድርግ፤ ከዚያ ነዳጅ ትንሽ ስጥና የአምፔር መለኪያውን እይ። ዜሮ ላይ ከቀረ ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሮቹ እየሄደ አይደለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያስቃል፤ የፊትና የኋላ መምረጫው እጀታ መሃል ላይ ቀርቶ ነው። ካልሆነ የጄኔሬተር ፊልድ ማብሪያውን እይ፤ እሱ ካልበራ ጄኔሬተሩ ኤሌክትሪክ አያመነጭም። የፍሬን አየር ካልሞላም ጉልበት አትሰጥም፤ አንዳንዷ ሞተሩን ራሱን ወደ ሚኒሞ (ዝቅተኛው ዙር) ትመልሰዋለች።

ግራውንድ ሪሌው (ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ሲያመልጥ ጉልበቱን የሚቆርጠው መከላከያ) ወድቆ ካገኘኸው አንዴ መልሰው። እንደገና ከወደቀ ግን ተው። የሆነ ቦታ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ እያመለጠ ነው። በክረምት እርጥበት የገባበት ሞተር ወይም የተላጠ ኬብል ሊሆን ይችላል።

አምፔሩ ወጥቶ እሷ ካልሄደች ደግሞ ነዳጁን ቶሎ መልስ። የእጅ ፍሬን ይዟት ሊሆን ይችላል። ቆሞ ጉልበት የሚቀበል ሞተር ይቃጠላል።

ሞተሩ እየሠራ የኤሌክትሪክ ካቢኔውን እንዳትከፍት። ግቢያችሁ ከጅቡቲው መስመር ጋር የሚገናኝ ከሆነ ከላይ ያለው ሽቦ 25,000 ቮልት ይይዛል፤ እሱ ሥር ቆማ ሳለች ጣሪያዋ ላይ መውጣት የለም። አምፔሩ ምን እንዳለ ጻፍልኝ፤ ከዚያ እንቀጥላለን።